ሞተርን በሁለት አቅጣጫ የሚያዞር የእንጨት ማብሪያ

የባትሪ ሞተርን ወደ ኋላ ማዞር ቀላል ሥራ መሆኑን ከኤሌክትሪክ ጋር ትንሽ የተዋወቀ ሁሉ ያውቀዋል። ፖዘቲቭ በነበረበት ኔጋቲቭ፣ ኔጋቲቭ በነበረበት ፖዘቲቭ ሲገባ በአርማቸሩ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ በሚዞረው የሽቦ ጥቅል የሚያልፈው ከረንት ይገለበጣል፤ ዙሪያውን ያለው ማግኔት ግን እንዳለ ስለሚቆይ ግፊቱ ወደ ተቃራኒው ይሆናል። ፒንሳ ይዞ ከጠረጴዛው ፊት ለተቀመጠ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ሽቦ ሳይፈታ፣ ዓይኑን ከያዘው ሥራ ሳያነሣ፣ በአንድ እጁ ብቻ አቅጣጫ ለመቀየር ለሚፈልግ ሰው ማብሪያ እንሥራ ሲባል ግን ቀላል የነበረው ነገር ብዙ ጥያቄ ያስነሣል። ብዙ ሰው ንድፉን የሚጀምረው ሽቦዎቹን ከማጠላለፍ ነው። እኔ ደግሞ ከመሃሉ፣ ማለትም በወዲያና በወዲህ መካከል ምንም ነገር ከምንም ከማይገናኝበት ባዶ ቦታ መጀመር አለበት ባይ ነኝ።

ማብሪያው ያስፈለገው ለመፍተያ ነው። መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ የበግ ጠጉር በእንዝርት ሲፈትሉ የኖሩ አክስት አሉኝ። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ቢሆንም ለዚያ ብርድ ባናውም በርኖሱም የሚሠራው ከእርሱ ስለሆነ፣ ፈታይ እጅ እዚያ አገር ሥራ ፈትቶ አያውቅም። አሁን ግን ትከሻቸው እንዝርቱን እንደ ድሮው አልታዘዝ አላቸው። ቤታቸው ለመብራት የገባ የፀሐይ ፓኔልና 12 ቮልት ባትሪ ስላለ፣ ከወዳደቀ መኪና የተነቀለ ሞተር በቺንጊያ ከአንድ ትንሽ መዘውር ጋር አያይዤ መፍተያ ልሠራላቸው ተነሣሁ። ሐሳቡን ስነግራቸው ስለ ኤሌክትሪኩ ምንም አልጠየቁኝም፤ «ወደ ግራም ይዞራል?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ነበር። ነጠላ ክር ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈተላል፤ ሁለት ነጠላ ክሮች ተገምደው ድርብ ሲሆኑ ግን ጥምዘታቸው ወደ ተቃራኒው መሆን አለበት። እያንዳንዱ ነጠላ ክር የተጠመዘዘውን ሊፈታ ይታገላል፤ ይህ ትግል ሁለቱን አጥብቆ የሚያያይዝ ኃይል የሚሆነው ግመዳው ከፈትሉ በተቃራኒ ሲሄድ ብቻ ነው። ፈትሉም ግመዳውም ወደ አንድ ጎን ከሆነ ክሩ እየተቋጠረ ይጠቀለላል፣ ከሸማኔው እጅ ሲደርስም ጣጣ ይሆናል። በእንዝርት የሚፈትል ሰው ይህን በጣቱ ሳያስበው ያደርገዋል። ሞተር ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ካወቀ የሥራውን ግማሽ አያውቅም ማለት ነው።

ስለ ሞተሩ ምርጫ ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም ማብሪያው ምንም ያህል ቢያምር የማይገለበጥ ሞተርን አይገለብጥም። ከመኪና ውዳቂ በቀላሉ የሚገኘው የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፤ ብዙዎቹ ግን ለሚዞረው አርማቸር ከረንት ከሚያቀብሉት ካርቦኖች አንዱ ከራሱ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ሲገለበጥ አካሉ በሙሉ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የተቀመጠበት ብረት በየትኛውም መንገድ ኔጋቲቩን ቢነካ ሾርት ነው። በዚያ ላይ ውስጡ ባለው ጥርስ ምክንያት ዙሩ ለፈትል የዘገየ ነው። ስለዚህ ሁለት ሽቦ ብቻ ያለውን፣ አካሉ ከሽቦዎቹ የተለየውን የማራገቢያ ሞተር መረጥኩ። የተለየ መሆኑ በመልቲሜትር አንድ ጊዜ ከሽቦ ወደ አካል በመለካት ይረጋገጣል። ሞተሪኖ፣ ማለትም የመኪና ማስነሻ ሞተር ደግሞ ጭራሹን ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ የቆዩ ሞተሪኖዎች ቋሚ ማግኔት የላቸውም፤ ማግኔታቸው ራሱ የሽቦ ጥቅል ሆኖ ከአርማቸሩ ጋር ተከታትሎ የታሰረ ነው። የባትሪውን ሽቦዎች ብታቀያይሩ አርማቸሩም ማግኔቱም አብረው ስለሚገለበጡ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ወደዚያው ይዞራል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ መገልበጥ ያስፈልጋል። ጫጫ ወይም ደብረ ሲና ባለ የእህል ወፍጮ ላይ ያለው የሦስት ፌዝ ሞተርም የራሱ ሕግ አለው፤ ከሦስቱ ሁለቱን ፌዞች ማቀያየር ይበቃል። እዚህ የማወራው ባለ ቋሚ ማግኔት ስለሆነው የባትሪ ሞተር ብቻ ነው።

«ሱቅ የሚሸጠውን ገዝተህ ለምን አትገጥምም?» የሚል ይኖራል፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስድስት እግር ያላትን ማብሪያ ገዝቶ የዳር እግሮቿን በሁለት ሽቦ በሰያፍ ካጠላለፉ ሞተር የምትገለብጥ ማብሪያ ትሆናለች። ነገር ግን ከሚሸጡት ብዙዎቹ መሃል ላይ ማረፊያ የላቸውም፤ ጣት ሲጫናቸው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ በቅጽበት ይወረወራሉ። ማረፊያ ያላቸውም ቢሆኑ ጀርባቸው ላይ የተጻፈው አምፔር አብዛኛውን ጊዜ ለቤት መብራት ለሚሆነው ተለዋዋጭ ከረንት የተሰጠ ነው። በ50 ኸርዝ የሚሠራው የቤት ኤሌክትሪክ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ ማብሪያው ሲከፈት የተነሣው ብልጭታ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የባትሪ ከረንት ዜሮ ላይ አያልፍም። የተነሣውን ብልጭታ የሚያጠፋው በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚከፈተው ርቀት ብቻ ነው፤ ትንሿ ማብሪያ ውስጥ ደግሞ ያ ርቀት የለም።

አሁን ወደ መሃሉ ባዶ ቦታ ልምጣ። የሚዞር ሞተር ራሱ ዲናሞ ነው፤ ከባትሪው በተቃራኒ የሚገፋ ቮልቴጅ ያመነጫል። አርማቸሩ 0.6 ኦም ሬዚስታንስ ያለውን ሞተር ብንወስድ፣ ቆሞ ሳለ 12 ቮልት ሲሰጠው በመጀመሪያዋ ቅጽበት 20 አምፔር ይስባል። ፍጥነቱን ይዞ 2 አምፔር ብቻ በሚስብበት ጊዜ ተቃራኒው ቮልቴጅ 10.8 ደርሷል ማለት ነው፤ 12 ቮልቱን የሚያለዝበው እርሱ ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ ሳለ ማብሪያውን በድንገት ብንገለብጥ ግን 10.8 ቮልቱ ለባትሪው ጠላት መሆኑ ቀርቶ አጋሩ ይሆናል። 12 እና 10.8 ተደምረው 22.8 ቮልት በዚያው 0.6 ኦም ላይ ያርፋል፤ ከረንቱም 38 አምፔር ይሆናል። ቆሞ ለሚነሣ ሞተር ከሚያስፈልገው በእጥፍ የሚጠጋ መሆኑ ነው። ይህን ሸክም የሚችሉት ካርቦኖቹ ብቻ አይደሉም፤ ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ ፊውዙም ይሄዳል። ስለዚህ የማብሪያው የመጀመሪያ ግዴታ እጅ ከወዲያ ወደ ወዲህ ሲሄድ መሃል ላይ እንዲቆም ማስገደድ ነው፤ ማገናኘት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ንድፉ ይህን ይመስላል። 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ የእንጨት ጉማጅ በመሃሉ ዘንግ አልፎበት ይዞራል። በዙሪያው በማይንቀሳቀስ ሰሌዳ ላይ አራት የናስ ምላሶች በ90 ዲግሪ ተራርቀው ተተክለው ጉማጁን ይጫኑታል፤ የላይኛው ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ከባትሪው ኔጋቲቭ፣ የቀኙና የግራው ደግሞ ከሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ጉማጁ ላይ ሁለት የመዳብ ጥፍጥፎች ፊት ለፊት ተያይተው ይለበጣሉ፤ እያንዳንዳቸው የዙሪያውን 120 ዲግሪ ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ መካከል በዚህም በዚያም 60 ዲግሪ ባዶ እንጨት ይቀራል። ዙሪያው 157 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ጥፍጥፉ 52፣ ክፍተቱ 26 ሚሊሜትር ይሆናል። እጀታው ወደ አንድ ጎን ሲዞር አንዱ ጥፍጥፍ የላይኛውን ምላስ ከቀኙ፣ ሌላው የታችኛውን ከግራው ጋር ያገናኛል። እጀታውን 90 ዲግሪ ወደ ሌላው ጎን ስናዞረው የመጀመሪያው ጥፍጥፍ ቀኙን ከታችኛው፣ ሁለተኛው ግራውን ከላይኛው ጋር ያገናኛል። ከረንቱ ተገለበጠ፤ አንድም ሽቦ አልተጠላለፈም።

በእነዚህ መካከል፣ እጀታው ልክ መሃል ሲሆን፣ የባትሪው ሁለት ምላሶች በሁለቱ ክፍተቶች ፊት ይቆማሉ። የሞተሩ ምላሶች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጥፍጥፍ መሃል ላይ ናቸው፤ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሲኬድ አንድም ጊዜ ከመዳቡ አይወርዱም። ከረንት የሚቆረጠውና የሚቀጠለው በባትሪው ምላሶች ብቻ ነው። ሽቦዎቹን አዛውሮ ባትሪውን በቀኝና በግራ፣ ሞተሩን በላይና በታች ማሰር ይቻላል፤ ሞተሩም እኩል ይገለበጣል። እንደዚያ ሲሆን ግን ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ጉማጁ ላይ ያለው መዳብ ሁሉ ከባትሪው ጋር እንደተገናኘ ይቀራል። እኔ የጠፋ ነገር እስከ ሥሩ የጠፋ ቢሆን እመርጣለሁ።

የክፍተቱን ስፋት የሚወስኑ ሁለት ድንበሮች አሉ። ምላሱ 4 ሚሊሜትር ከግማሽ ያህል ስፋት ካለው ከዙሪያው 10 ዲግሪ ይይዛል። ክፍተቱ ከምላሱ ጠብቦ ቢገኝ አንዱ ምላስ ሁለቱን ጥፍጥፎች በአንድ ጊዜ ይነካል፤ ሁለቱ ክፍተቶች ትይዩ ስለሆኑ ሌላውም የባትሪ ምላስ በዚያችው ቅጽበት ያንኑ ያደርጋል፣ ባትሪውም በራሱ ላይ ይዘጋል። በሌላው ጫፍ ክፍተቱ ከ80 ዲግሪ ቢያልፍ እጀታው መጨረሻው ላይ ደርሶ እንኳ ምላሱ በሙሉ ስፋቱ መዳቡ ላይ አያርፍም። 60 ዲግሪ ስናደርገው ከእጀታው የ90 ዲግሪ ጉዞ ውስጥ 50 ዲግሪው ባዶ ይሆናል፤ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚቀረው 20፣ 20 ዲግሪ ነው። ለዓይን ብዙ ሊመስል ይችላል። ለእጅ ግን ብዙ አይደለም፤ የቸኮለ እጅ 50 ዲግሪን ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይሻገራታል፣ መዘውሩ ደግሞ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይቆምም። ስለዚህ ጉማጁ ጎን ላይ ሦስት ጎድጓዳ ተቆፍሮ በሞላ የምትገፋ የኩሽኔታ ኳስ እንድትገባበት ተደረገ፤ የመሃሉ ጎድጓዳ ከሁለቱ ዳሮች ይልቅ ጠለቅ ያለ ነው። እጀታው ከዳር ወደ መሃል በቀላሉ ይመጣል፤ ከመሃል ለመውጣት ግን ሁለተኛ፣ ታስቦበት የሚደረግ ግፊት ይጠይቃል።

ይህ አዲስ ፍልስፍና አይደለም። ተወልዶ ያደገው ጀርመን፣ የሠራው ፓሪስ የነበረው ሩምኮርፍ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከሠራቸው ከፍተኛ ቮልቴጅ አመንጪ ጥቅልሎች ጋር ይገጠም የነበረው መገልበጫ፣ ከዝሆን ጥርስ ወይም ከሌላ ኤሌክትሪክ ከማያስተላልፍ ነገር የተቀረጸ ክብ ሆኖ በግራ በቀኙ የናስ ጉንጮች የተለበጡበት ነበር። ከረንቱ በሁለት በተለያዩ የዘንጉ ጫፎች ይገባና ጎንና ጎን በቆሙ ሁለት ምላሶች ይወጣል፤ ጉንጮቹ ከምላሶቹ ሲርቁ ምላሶቹ ባዶ የዝሆን ጥርስ ላይ ስለሚያርፉ ማሽኑ ይጠፋል። ከ1890ዎቹ ወዲህ የመጡት የኤሌክትሪክ ትራሞች ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰዱት። ነጂው ፊት ሁለት እጀታዎች ነበሩ፤ አንዱ ፍጥነት፣ ሌላው አቅጣጫ የሚቀይር። የፍጥነቱ እጀታ ወደ ዜሮ ካልተመለሰ የአቅጣጫው እጀታ በብረት መቆለፊያ ታስሮ አይንቀሳቀስም። መገልበጫው ከረንት እያለፈበት አይቆርጥም አይቀጥልም፤ ሌላው ከቆረጠ በኋላ ተራውን ጠብቆ ይዞራል። እኔ ሁለት እጀታ ለመሥራት አልደፈርኩም፤ በአንድ እጇ ጠጉር የያዘች ፈታይ ሁለት እጀታ አይመቻትም። ጠለቅ ያለው ጎድጓዳ የእነዚያን ሁለት እጀታዎች ሥራ ባቅሙ እንዲሠራ ነው የታሰበው።

እንጨቱ ወይራ ነው። ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ይገኛል፣ ነገር ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጥድም በቀላሉ ይተረተራል። ወይራ ጠጣርና ድፍን ስለሆነ ዘንግ ሲያልፍበትም ብሎን ሲገባበትም አይከዳም። ደረቅ እንጨት ለ12 ቮልት በቂ መለያ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ ግን እምነት አይጣልበትም። የድሮ ሠራተኞች እንጨትን በቀለጠ ሰም አብልተው ለኤሌክትሪክ ይጠቀሙበት ነበር፤ እኛም አገር ሰም አይጠፋም። በደንብ የደረቀው ጉማጅ በቀለጠ የንብ ሰም ውስጥ አረፋ መትፋቱን እስኪያቆም ይቆያል፤ አረፋው ከእንጨቱ ቀዳዳ የሚወጣው አየርና እርጥበት ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ፣ ውሎ አድሮ ከጥፍጥፉ ጠርዝ ሰም ማላብ ከጀመረ መገናኛው ከልክ በላይ መጋሉን ለመናገር ቴርሞሜትር አያስፈልግም።

ጥፍጥፎቹ ከአሮጌ ፍሪጅ የመዳብ ቱቦ የተገኙ ናቸው፤ ቱቦው በቁመቱ በሴጌቶ ተሰንጥቆ፣ በእሳት ለስልሶ፣ በመዶሻ ተዘርግቶ፣ በጉማጁ ላይ እየተቀጠቀጠ ቅርጹን ይይዛል። እዚህ ላይ ለማንም የምመክረው ነገር የብሎኑን ርዝመት ነው። ዘንጉ 8 ሚሊሜትር የብረት ቡሎን ከሆነ ከጉማጁ ወለል እስከ ዘንጉ ያለው እንጨት 21 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከሁለቱ ጥፍጥፎች የሚገቡት ብሎኖች ረዝመው ሁለቱም ዘንጉን ቢነኩ ጥፍጥፎቹ በዘንጉ አማካይነት ይገናኛሉ፤ ከውጭ ሲታይ ምንም እንከን የሌለው ማብሪያ በርቶ ሳለ ባትሪውን ሾርት ያደርጋል። 10 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ይበቃል፤ ጥፍጥፉን የሚጎትተው ኃይል ያን ያህል አይደለም። የብሎኑ ራስም በሞረድ ወርዶ ከመዳቡ ጋር እኩል ካልሆነ ምላሱን ያደናቅፋል፤ ወይም ብሎኖቹን ምላስ ከማይሄድበት ከጥፍጥፉ ዳርና ዳር መምታት ይሻላል።

መዳቡ ከእንጨቱ ጋር እኩል ተቀብሮ ይለበጥ ወይስ ከፍ ብሎ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል። ተቀብሮ ሲለበጥ ምላሱ ያለ እንቅፋት ይንሸራተታል፣ ለእጅም ደስ ይላል። ይሁን እንጂ በተንሸራተተ ቁጥር ከመዳቡና ከናሱ የሚፋቀውን ደቃቅ ዱቄት በባዶው እንጨት ላይ እየጎተተ ይቀባዋል፤ ከጊዜ በኋላ ያ ባዶ ቦታ ባዶ መሆኑ ይቀራል። ብልጭታው ያሳረረው እንጨትም ከሰል ነውና ከረንት ያስተላልፋል። ስለዚህ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን መዳብ ከፍ አድርጌ ለበጥኩት፤ ከባትሪው ምላሶች ጀርባም ወደ ውስጥ ከመዳቡ ወለል ብዙ አልፈው እንዳይወርዱ የሚያግዱ ሁለት ብሎኖች አቆምኩ። እጀታው መሃል ሲሆን የባትሪው ምላሶች እንጨቱን እንኳ አይነኩም፤ አየር ላይ ተንጠልጥለው ይቆያሉ። ሲመለሱ ወደ መዳቡ እንዲወጡ የጥፍጥፉ ጠርዝ በሞረድ ተዳፋት ተደርጓል። የሞተሩ ምላሶች ከመዳብ ስለማይወርዱ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም።

ለምላሶቹ የአሮጌ ሶኬት የውስጥ ናስ ጥሩ ነው፤ ሞላነቱ ሳይጠፋ የቆየውን መምረጥ እንጂ በእሳት ማለስለስ አይገባም፣ ናስ አንዴ ከለሰለሰ መግፋት ይተዋል። ከረንቱ ከባትሪ ወጥቶ ወደ ባትሪ እስኪመለስ አራት መነካኪያዎችን ያልፋል። በ10 አምፔር ጊዜ እያንዳንዱ ላይ 0.05 ቮልት ቢጠፋ በድምሩ 0.2 ቮልት ነው፣ 2 ዋት ሙቀት መሆኑ ነው፤ ይህን ያህል ማብሪያው ይችለዋል። ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አንዱን በምላሱ፣ ሌላውን ምላሱ በሚነካው መዳብ ላይ አድርጎ በሚሊቮልት መለካት ከአራቱ ሰነፉን ወዲያው ይለያል። መዳብ ዝገቱ ከረንት በደንብ አያስተላልፍም፤ የሚንሸራተት መነካኪያ ግን በዞረ ቁጥር ራሱን ይፍቃል። ፋብሪካ የሚሠራቸው ማብሪያዎች ብር የሚለብሱት ብር ቢዝግም ከረንት ስለማይከለክል ነው፤ እኛ በመፋቅ እንተካዋለን።

የብልጭታው ነገር ይቀራል። ሞተር የሽቦ ጥቅል ስለሆነ ከረንቱ ሲቆረጥበት እምቢ ይላል፤ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ በተከፈተው አየር ውስጥ ለማለፍ ይሞክራል። በመዳብ መካከል ብልጭታ ጸንቶ ለመቆየት ከ12 እስከ 13 ቮልት ገደማ ይበቃዋል። ለዚህ የተለመደው መድኃኒት ሞተሩ ላይ አንድ ዳዮድ (ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በግልባጭ ማሰር ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚዞር ሞተር ትክክል ነው፣ ለእኛ ግን ጥፋት ነው። ማብሪያው ሲገለበጥ ያው ዳዮድ ቀጥ ያለ መንገድ ይሆንና ባትሪውን ይዘጋዋል፤ ዳዮዱም ፊውዙም አብረው ይቃጠላሉ። ለሚገለበጥ ሞተር የሚያስፈልገው አራት ዳዮዶች ያሉት ድልድይ ነው። ለተለዋዋጭ ከረንት የተሠሩት ሁለት እግሮቹ ከሞተሩ ሁለት ሽቦዎች፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ደግሞ ከባትሪው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጋር ይታሰራሉ። በሥራ ጊዜ ምንም አያደርግም፤ ማብሪያው ሲከፈት ግን የሞተሩ ከረንት በአየር ውስጥ ከመዝለል ይልቅ በድልድዩ አልፎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ፊውዙ በባትሪውና በድልድዩ መካከል መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ አንድ ሰው ባትሪውን ገልብጦ ያሰረ ቀን ድልድዩ ሾርት ስለሚሆን ከእሳት የሚያድነው እርሱ ብቻ ነው።

አገሩም የራሱን ይጨምራል። ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በመደበኛነት ሞተሮችን እስከ 1,000 ሜትር፣ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ማብሪያዎችን እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው የሚያስቡት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 በላይ። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፣ ብልጭታንም በደንብ አይከለክልም። በ12 ቮልት ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ቢሆንም 220 ቮልት ላይ ይህንኑ ማብሪያ ልሞክረው ለሚል ሰው መልሴ አይሆንም ነው፣ ለከፍታው ብቻ ሳይሆን ምላሶቹ ገላጣ ስለሆኑም ጭምር። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ብረት ሁሉ ላብ ያወጣል፤ የሰሙ ጥቅም የሚታየው ያኔ ነው። የበግ ጠጉር ብናኝ ደግሞ ቅባት አለው፤ መዳቡ ላይ ከተጣበቀ ምላሱን ያንሳፍፈዋል። ጠጉር እንደ ጥጥ ብናኝ እሳት ቶሎ የሚይዘው ባይሆንም ብልጭታ ያለበትን ነገር ገልጦ መተው አያስፈልግም፤ ማብሪያው ከላሜራ በተሠራ፣ ውስጡ በወፍራም ካርቶን በተለበጠ ሳጥን ውስጥ ገብቷል፣ የሚታየው እጀታው ብቻ ነው።

እጀታውን አክስቴ ራሳቸው አስተካክለውታል። እኔ ወደ ቀኝ ሲዞር መፍተል፣ ወደ ግራ ሲዞር መግመድ ብዬ ነበር ያሰርኩት። «ልጄ፣ እጄ ወደሚሄድበት መዘውሩም ይሂድ እንጂ» አሉኝ፤ የተቀመጡት መዘውሩን ከእኔ በተቃራኒ ጎን እያዩ ነበር፣ ለእርሳቸው ቀኝ የሆነው ለመዘውሩ ግራ ነበር። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሬ ጨረስኩት። እጀታው ከሁለቱ ጫፎች እንዳያልፍ ጉማጁ ላይ ያሉትን ማገጃዎች ግን አልነካኋቸውም፤ እነርሱ ከሌሉ እጀታው ዙሪያውን ሲዞር ወደ ፊት፣ ባዶ፣ ወደ ኋላ፣ ባዶ እያለ በአንድ ሙሉ ዙር ሁለት ጊዜ ይደጋግማል፣ እጅም የት እንዳለ አያውቅም።

ይህን ለመሥራት የሚነሣ ሰው ሞተር ከማሰሩ በፊት በባትሪውና በማብሪያው መካከል 21 ዋት የሆነ የመኪና አምፖል በተከታታይ ይሰር፤ የሞተሩ ቦታ ክፍት ይሁን። እጀታውን ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲያዞር አምፖሉ በየትኛውም ቦታ ላይ ብልጭ ማለት የለበትም፤ ካለ ወይ ምላሱ ከክፍተቱ ሰፍቷል፣ ወይ ብሎን ዘንጉን ነክቷል፣ ጥፋቱም ከ2 አምፔር በታች በሆነ ከረንት ተገኘ። ከዚያ የሞተሩን ሁለት ምላሶች በሽቦ አገናኝቶ ሲደግመው አምፖሉ ሁለቱ ጫፎች ላይ ሙሉ በሙሉ መብራት፣ መሃል ላይ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። ሽቦው 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ ፊውዙ 15 አምፔር ሆኖ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይቀመጣል። ከዚህ ቀጥሎ ጉማጁን ትንሽ አስረዝሜ መሃል ላይ ብቻ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ የሚያገናኝ ሦስተኛ ጥፍጥፍ ልጨምርበት አስቤያለሁ። የሚዞር ሞተር ሁለት ሽቦው ሲገናኝ ራሱን ፍሬን ይይዛል፤ አክስቴም እጀታውን መሃል ላይ አድርገው መዘውሩ እስኪቆም በመዳፋቸው መያዝ ይቀርላቸዋል።